«ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ድሬ ላይ በላይቭ ለመጫወት

ለጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ክብር ኮንሰርት ልታዘጋጁ ካሰባችሁ፣ ከየሥራቸው ትንሽ ትንሽ አትቆንጥሩ። አንድ አልበም ያዙ። የእኔ ምርጫ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። ሰባት ሙዚቃ ነው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከዳር እስከ ዳር መጫወት ይቻላል።

ቫይብራፎን (በዘንግ የሚመታ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ማግኘት ከባድ ነው። ከጠፋ በኪቦርድ ድምፅ ተኩት፣ ግን ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) የሚይዝ ሌላ ኪቦርዲስት ይኑር። ዋ-ዋ ፔዳል (ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ የእግር መርገጫ) ያለው ጊታር፣ ሳክስና ፍሉት የግድ ናቸው። ኮንጋውን (በእጅ የሚመታውን ረጅም ከበሮ) ደግሞ በማሽን አትተኩት አቦ! የላቲኑ ምት ያለው እዚያ ነው።

ልምምዱን በኖታ አትጀምሩ። መጀመሪያ ዜማውን ሁላችሁም በአፋችሁ አንጎራጉሩት። የኢትዮ ጃዝ ነገሩ ባለአምስት ድምፁ ቅኝታችን ሳይጠፋ የጃዝ ሃርሞኒ ከሥሩ መግባቱ ነው፣ ስለዚህ ኪቦርዱ ኮርድ ካበዛ ቅኝቱ ይታፈንና የትም አገር የሚሰማ ጃዝ ይሆናል። ሶሎ የሚጫወተውም ለፍጥነት አይሽቀዳደም። አንድ ሐረግ ይዞ ያመላልሰው፣ ቤዙን እየሰማ ይተንፍስ።

«ኩሉን ማን ኳለሽ» ላይ ጊዜ ውሰዱ። አልበሙ ላይ ድምፃዊ ሳይኖር በመሣሪያ ብቻ ነው የተሠራው፣ ሰዉ ግን ከሠርግ ቤት ጀምሮ ግጥሙን ያውቀዋል። መሐል ላይ ባንዱ ዝም ይበል፣ ኮንጋውና ቤዙ ብቻ ይቅሩ፣ ዜማውን ለታዳሚው ልቀቁለት። ጭብጨባው ሲሞቅ ሳክሱ ይመለስ። ለእኔ የምሽቱ ትልቁ ቦታ ይሄ ነው፣ ለሱ ስትሉ ከሌላው ሶሎ ብትቀንሱ ይሻላል።

የድሬን ሙቀት አትናቁ። በሙቀት የጊታር ክር ይረግብና ድምፁ ይወርዳል፣ የፍሉትና የሳክስ ድምፅ ደግሞ ከፍ ይላል፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። ዕቃውን ጥላ ሥር አቆዩ። ሳውንድ ቼክ ከሰዓት ብታደርጉም፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ መድረክ ላይ እንደገና ቃኙ። ከዚራ አካባቢ ዛፍ ያለው ግቢ ከተገኘ ከአዳራሽ ይሻላል፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ጀነሬተር ይኑራችሁ፣ ግን ከመድረኩ ራቅ ይበል፣ ቀስ ባሉት ሙዚቃዎች ላይ ጩኸቱ ይገባል።

ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሥሩና ባጃጆች ላይ ለጥፉት። ከዚራም መጋላም ይደርሳል።