እየተራመዱ ማስላት፦ የአረጋውያንን አካሄድ ስንፈትሽ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ የአንዲት እናትን አካሄድ ስመለከት፣ «እማማ፣ እየሄዱ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ይቀንሱልኝ» አልኳቸው። «93፣ 86» እያሉ ጥቂት ተራመዱ፤ ቀጣዩን ቁጥር ሲፈልጉ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፣ «79» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመሆኔ ከዚያች አጭር መቆም ብዙ ተረዳሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ቀላል ፍተሻ ስናደርግ የምንሠራቸው ስህተቶች ውጤቱን ያበላሹታል።

የመጀመሪያው ስህተት መራመድ ሐሳብ አይጠይቅም ብሎ ማመን ነው። የእርምጃን ምት በመጠበቅ ረገድ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮች ቢያግዙም፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ጉድጓድ ማለፍና ፍጥነትን ማስተካከል የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ትኩረት ይሻሉ፤ ቁጥር በአእምሮ ይዞ መቀነስም የሚቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ መሬት የሚነኩበት ጊዜ ይረዝማል፣ ምቱም ይዛባል። ለውጡ በጤነኛ ወጣት ላይ መጠነኛ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ በፓርኪንሰን ሕመም (እጅን በሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን በሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) እና ከስትሮክ በኋላ ጎልቶ ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስዊድን ጥናት፣ ከ58 አረጋውያን መካከል እየሄዱ ወሬ ሲጀመርላቸው 12ቱ መቆማቸውን፣ ከእነዚህም 10ሩ በስድስት ወራት ውስጥ መውደቃቸውን አሳይቷል። ያ እንግዲህ ጭውውት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መነሻውን ሳይለኩ መፈተሽ ነው። በቅድሚያ ሰውየው ያለ ስሌት 10 ሜትር ይሂዱ፤ ቀጥለው ተቀምጠው ስሌቱን ይሥሩ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ያጣምሩ። ብቻውን 10 ሰከንድ የፈጀው መንገድ ከስሌት ጋር 13 ሰከንድ ከፈጀ፣ ጊዜው በ30 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው።

እምብዛም አያሳስብም ተብሎ የሚታለፈው፣ ለእኔ ግን ዋነኛው ስህተት የስሌቱ አመራረጥ ነው። የማባዣ ሰንጠረዥ ማስወጣት ስሌት ሳይሆን በቃል የተያዘ ነገር መድገም ስለሆነ አካሄድን እምብዛም አይፈትንም። በሌላ በኩል ስሌቱ ከአቅም በላይ ሲከብድ ሰው ቁጥሩን እርግፍ አድርጎ ትቶ በደንብ ይራመዳል፤ እኛም አካሄዳቸው ደኅና ነው ብለን እንታለላለን። ትምህርት ቤት ያልገቡ አረጋውያንን «ሂሳብ አይችሉም» ብሎ መተውም በደል ነው፤ እኚያ እናት የደንበኛን መልስ ከእኔ ፈጥነው ያሰላሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከ200 ብር ላይ ሦስት ሦስት ብር እያነሱ እንዲሄዱ መጠየቅ የተሻለ ነው።

እግርን ብቻ መመልከትም ያሳስታል። አንዳንዱ ሚዛኑን አስቀድሞ ቁጥሩን ይስታል፤ ይህም ብልህነት ነው። ሌላው፣ በተለይም የፓርኪንሰን ታማሚ፣ ቁጥሩን ላለመሳት ሲል አካሄዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የእርምጃውም የመልሱም ስህተት ይመዝገብ፤ «ቁጥሩ ላይ አተኩሩ» የሚል ትእዛዝ ራሱ ውጤቱን እንደሚቀይርም ይታወቅ።

ፍተሻውን ባጃጅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ለጥ ባለ ቦታ፣ በደካማው ጎናቸው በኩል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተን ልንደግፋቸው በምንችልበት ርቀት እንሂድ። በአንድ ሙከራ ብቻ በሽታ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ የእንቅልፍ እጦት፣ የዓይን ችግርና የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ አካሄድን ይነካሉ።

የመጨረሻው ስህተት በየቀኑ በቤታችን የሚፈጸም ነው። የእኚያ እናት ልጆች ማታ ከገበያ ሲመልሷቸው፣ አስፋልቱን እያሻገሯቸው «ዛሬ ስንት ተሸጠ? ስንት ቀረ?» ብለው ይጠይቋቸው ነበር። አሁን ግን ገና ከመነሳታቸው በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ብሩን አብረው ይቆጥራሉ፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ክንዳቸውን ይይዙና ዝም ብለው ያሻግሯቸዋል።