ተራራ ልትወጡ ነው? ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ያዙ

ለራስ ዳሽን እየተዘጋጃችሁ እንጦጦ ወይም መናገሻ ሱባ ጫካ የምትመላለሱ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ፣ ቁጭ ከማለታችሁ በፊት፣ ሻይ ከመቅዳታችሁም በፊት፣ በላብ የራሰውን አውልቁና እሱን ልበሱ።

እኔ ባለፈው ክረምት ነው የገባኝ። ወጨጫ ላይ ከሰዓት በኋላ በረዶ ያዘኝ። ከጽዶቹ ሥር መሬቱ ጨው የተበተነበት መስሎ ነጭ ሆነ። በጣም ያምራል፤ ግን የጥጥ ቲሸርቴ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ቆሜ ፎቶ ሳነሳ ጣቶቼ ደንዝዘው የጃኬቴን ዚፕ መዝጋት አቃተኝ። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ፖሊስተር ወይም ሱፍ ይሻላል፣ ሰልባጅ ተራ ፈልጉ፣ አዲስ መግዛት የግድ አይደለም።

እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳሽን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። እዚህ ያንቀጠቀጣችሁ ልብስ እዚያ አደጋ ላይ ይጥላችኋል።

በክረምት ደግሞ በማለዳ ውጡ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት መውረድ ጀምሩ፤ በረዶና መብረቅ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር እንዳትጠለሉ። ቁልቁለቱን አትሩጡ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው።