በ1700ዎቹ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ቅድመ አያት እንዴት ይፈለጋል?

አማቴ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን እራት ላይ የአባቶቼን ስም እስከ ሰባት ቤት ስቆጥርላቸው ተገረሙና «የእኔንስ ለምን አትፈልግልኝም?» አሉኝ። በእጃቸው ያለው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ወሬ ብቻ ነበር። ወሬው «ሦስት ወንድማማቾች ከእንግሊዝ በመርከብ መጡ» ይላል። በኋላ እንደገባኝ ይሄ የሦስት ወንድማማቾች ታሪክ በብዙ የአሜሪካ ቤተሰብ ይወራል። ስሙት፣ ጻፉት፣ ግን አትመኑት።

እናንተም በጋብቻ ወይም በልጆቻችሁ በኩል እንዲህ ያለ ፍለጋ ውስጥ ከገባችሁ መንገዱ እንዲህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከቡን ለጊዜው እርሱት

ሁሉም ሰው የሚጀምረው «በየትኛው መርከብ መጣ?» ብሎ ነው። እኔም እንደዛው። ሁለት ሳምንት በከንቱ ሄደ። አሜሪካ የሚደርሱ መርከቦች የተሳፋሪ ዝርዝር እንዲያስረክቡ በሕግ የተገደዱት ከ1820 ጀምሮ ነው። አሜሪካ ነፃነቷን ከማወጇ ከ1776 በፊት ደግሞ ከእንግሊዝ ወደ ቨርጂኒያ የሚሄድ እንግሊዛዊ ከአንድ ንጉሥ ግዛት ወደዚያው ንጉሥ ግዛት ነው የሚሄደው። የዜግነት ወረቀት አያስፈልገውም። ከደሴ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ማን መዝገብ ይከፍትለታል? ስለዚህ መርከቡ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይገኝም።

ከራሳችሁ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ከምታውቁት ሰው ጀምሩ። ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት፣ አንድ ትውልድ ሳትዘሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ቦታና ጊዜ፣ ከጎኑ ደግሞ «ይህን ያገኘሁት ከዚህ ወረቀት ነው» የሚል መስመር። በአማቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባዶዎቹ ገጾች ላይ የልጆች ልደት ተጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ ገጽ ስታገኙ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። ልደቱ ከሕትመቱ የሚቀድም ከሆነ ሰውየው የጻፈው በቦታው ሆኖ ሳይሆን ከትዝታው ነው።

የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እስከ 1850 ድረስ በቀላሉ ይወስዳችኋል። በ1850 ባሪያ ያልሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ በስም ተጽፏል። ከ1790 እስከ 1840 ባሉት ግን የተጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜ ክልል የተመደቡ ቁጥሮች ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ፍርድ ቤት ወረቀት ነው፦ ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ ውል፣ የግብር ዝርዝር። ኑዛዜ ላይ «ለልጄ ለሜሪ፣ ለእገሌ ሚስት» የሚል አንድ መስመር ካገኛችሁ አንድ ትውልድ ተሻገራችሁ ማለት ነው። መሬት ሲሸጥ ሚስትየዋ መስማማቷን መግለጽ ስለነበረባት ሌላ ቦታ የማይገኝ ስሟ እዚያ ይወጣል። ሰውየው በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘምቶ እስከ 1832 በሕይወት ከቆየ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በዚያ ዓመት የወጣው የጡረታ ሕግ አመልካቹን «የት ተወለድክ? በስንት ዓመት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእንግሊዙ መንደር ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ አሜሪካ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ነው።

ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ በነፃ ነው። ክፍያ የሚጠይቀውን ሌላውን ድረ ገጽ፣ አንሰስትሪን፣ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለገባ ሰው በነፃ ያስጠቅማሉ።

ስም ሰው አይደለም

የፈለግነውን ሰው ለምሳሌ ጆን ቴይለር እንበለው። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ ትውልዱ ራሱ ይነግርሃል። እነሱ ዘንድ ግን ቴይለር ሁሌም ቴይለር ነው፤ አባትም ጆን፣ ልጅም ጆን፣ የወንድም ልጅም ጆን። «ጁኒየር» የሚለው ቃል እንኳ በዚያ ዘመን የግድ ልጅ ማለት አልነበረም። በአንድ ሰፈር ሁለት ጆን ካሉ ታናሹ ጁኒየር ይባላል፤ ዝምድና ባይኖራቸውም።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ድረ ገጽ ላይ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ እንዳለ ገልብጬ ሦስት ወር ሙሉ የማይዛመደንን ጆን ስከተል ከረምኩ። አሥራ አንድ ሰው ያንኑ ስለጻፈ እውነት መስሎኝ ነበር። ለካ አሥራ አንዱም አንዱ ከሌላው ገልብጠው ነው።

መድኃኒቱ ጎረቤት ነው። ኑዛዜው ላይ እማኝ የሆኑት፣ አብሮት መሬት የገዛው፣ ልጁን ያገባው እነማን ናቸው? ዝርዝራቸውን ያዙ። ሰው ብቻውን አይሰደድም፤ ከአንዱ እማኝ የትውልድ መንደር የእናንተም ሰው ሊወጣ ይችላል። የስም አጻጻፍም አያሳስባችሁ። እኛ ፀሐይን በስንት ዓይነት እንጽፋለን? ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው።

በምን ሁኔታ መጣ?

ነፃ ተጓዥ ከሆነ ወረቀቱ ጥቂት ነው። ልዩ የሆነው ከ1773 መጨረሻ እስከ 1776 ያለው ጊዜ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡ እየወጣ መሆኑ አሳስቦት የሚሄዱትን አስመዘገበ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የመጣበት ቦታ፣ መድረሻውና የሚሄድበት ምክንያት። መዝገቡ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ።

የመርከቡን ዋጋ በጉልበቱ ሊከፍል የተዋዋለ አገልጋይም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያገለግላል። አንዳንዱ ጊዜው ሳያልቅ ይሰለቸውና ይጠፋል፤ ጌታውም ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። ከ1728 ጀምሮ በወጣው ፔንስልቬኒያ ጋዜትና በቨርጂኒያ ጋዜት እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሞልቷል። የቁመቱ ልክ፣ የፊቱ ጠባሳ፣ የለበሰው ኮት፣ ሙያው፣ የአነጋገሩ ቅላጼ፣ አንዳንዴም የተወለደበት የእንግሊዝ አውራጃ ይጻፋል። ጌታው ሊያስይዘው የጻፈው ለእኛ እንደ ፎቶ ይሆንልናል።

ሦስተኛው ግዞተኛ ነው። ከ1718ቱ ሕግ እስከ 1775 ድረስ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ፍርደኞች ከብሪታንያና ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተግዘዋል፤ አብዛኞቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገቡ። ፍርዱ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 14 ዓመት ነው። በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከሆነ የችሎቱ ታሪክ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆር ይላል ብዬ ነበር። «ሌባ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሌባ ወረቀት አለው» አሉ።

እንግሊዝ ስትደርሱ

የልደት ምስክር ወረቀት አትፈልጉ፤ በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው በ1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ከ1538 ጀምሮ የተያዘው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ክርስትና፣ ጋብቻ፣ ቀብር። መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ በየዓመቱ ለጳጳሱ የሚላክ ግልባጭ ነበር።

በትክክለኛው ጊዜ ክርስትና የተነሳ ጆን ስታገኙ ወዲያው እልል አትበሉ። የቀብሩን ገጽ ግለጡ። ያ ሕፃን በሁለት ዓመቱ ተቀብሮ ይሆናል። እዚያው መንደር አግብቶ አርጅቶም ይሆናል። የእናንተ ሰው ሊሆን የሚችለው ከመዝገቡ ድንገት የጠፋው ነው።

የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። እስከ 1751 ድረስ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። በሜይ 1731 የተጋቡ ሰዎች በፌብሩዋሪ 1731 ልጅ ክርስትና ቢያስነሱ ሐሜት የለውም፤ ያ ፌብሩዋሪ ከሜይ በኋላ ነው የመጣው። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 በቀጥታ ወደ 14 ተዘለለ። ሁለት ካሌንደር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ብዙም አይከብድም።

ወላጆች የሚመስሏችሁን ካገኛችሁ ኑዛዜያቸውን ፈልጉ። የካንተርበሪው የኑዛዜ ፍርድ ቤት መዝገብ ከ1384 እስከ 1858 ይሄዳል። «ሜሪላንድ ላለው ልጄ» የሚል ቃል ከወጣ ነገሩ አለቀ። ተራው የዲኤንኤ ምርመራ ግን በዚህ ርቀት ደካማ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ይሻላል፣ የወንድ መስመሩ ካልተቋረጠ።

እኛ ግሎስተርሻየር በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ሁለት ጆኖች ላይ ደርሰናል። አንዱ ቀብሩ ተገኝቶ ወጣ። ሁለተኛውን አማቴ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ በእርሳስ ጽፈውታል፤ እስክሪብቶ አላስነካሁም።