የእናታችሁን መሬት ለዘመድ አደራ ከመስጠታችሁ በፊት

ኩዌት ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። አርብ አርብ ቡና ላይ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፦ «እናቴ ጋ መሬት አለ፣ በሬ ልግዛ ወይስ ላም?» እኔ መልሼ የምጠይቀው «ብሩን የምትልኪው ለማን ነው?» ብዬ ነው። የበሬና የላሙ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የእኛ መሬት ምዕራብ ጎጃም ነው። አንድ ሄክታር አይሞላም፣ እሱም አራት ቦታ የተበጣጠሰ። አባቴ በሕይወት እያለ ሁሉም የየራሱ ሥራ ነበረው። ወንዝ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ጤፍ ይዘራበታል፣ በዓመቱ ጓያ ወይም ሽምብራ ይተካበታል። ቀዩ አፈር ለበቆሎና ለዳጉሳ ነው። ድንጋያማው ጥግ ላይ ለማገዶና ለቤት የሚሆን ጥቂት ባህር ዛፍ አለ። ጓሮው ጎመን፣ ድንችና ጌሾ ነው። የጤፉ ጭድ ለከብቶቹ ይገባል፣ የከብቶቹ ፍግ ወደ ጓሮውና ወደ በቆሎው ይመለሳል። ባለሙያዎቹ ቅይጥ ግብርና ይሉታል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ካወጣችሁ ሌላው ተከትሎ ይወጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከወጣ በኋላ ነው።

አባቴ አረፈ፣ እናቴ ታመመችና ባሕር ዳር እህቴ ጋ ገባች። የአክስቴ ልጅ «እኔ አለሁ እህት ዓለም፣ ምንም አታስቢ» አለኝ። አብረን ከብት የጠበቅን ነን። እኔው ወትውቼ እናቴ ጠቅላላ ውክልና ሰጠችው። የመሬት ይዞታ ደብተሩንም እሱ ያዘው። ከዚህ ደግሞ ለተዳቀለች ላም፣ ለበረትና ለከብት መኖ ለሚሆነው ፋጉሎ ብር እየላክሁ ቆየሁ።

ፎቶ ይልክልኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ላም ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት፣ ነጭ፣ ጥርት ያለች። በዓመቱ በላከው ፎቶ ላይ ላሟ ጎንበስ ብላ ሣር ትበላለች፣ ግንባሯ ግን ጥቁር ነው። ስልኩን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ቦቃ የለም። ለእህቴ ላክሁላት፣ እሷም «ይቺማ የጎረቤት ላም ናት» አለችኝ። የእኛ ከተሸጠች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

እህቴ ሄዳ ስታይ የባሰው መጣ። ጥቁሩን መሬት ለአንድ ነጋዴ ለሦስት ዓመት አከራይቶታል፣ ነጋዴው ደግሞ ባህር ዛፍ ተክሎበታል። ጤፍ በነበረበት! ወረዳ ስንሄድ ያለ ሥልጣኑ አከራየ ማለት አልቻልንም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትና ምርት መሸጥ ይችላል። ውሉ ላይም ምን ይተከል፣ ምን አይተከል የሚል አንድ መስመር የለም። ኪራዩ በሦስት ዓመት ያልቃል፣ ዛፉ ግን ገና ለአጣና እየደረሰ ነው፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በመጨረሻ በሽማግሌ ጨረስን፤ ነጋዴው አንዴ ቆርጦ ይውሰድ፣ ጉቶው የእኛ ይሁን ተባለ።

የአክስቴን ልጅ በማመኔ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሳልከፍለው ማመኔ ነው። ሦስት ክረምት ከብት አግዷል፣ አጥር አጥሯል፣ ወረዳ ተመላልሷል። እኔ የላክሁለት ለበዓል ጫማና አንድ ስልክ ነው። ዘመድ ነዋ ብዬ። ላሟን ለምን ሸጥካት ስለው «እኔስ ልጆች የሉኝም?» አለኝ። ሥራውን ትክክል ነው አልልም፣ እናቴ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳውም። ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ደመወዙን ራሱ ይቆርጣል። ባህር ዛፍም የተመረጠው ለዚህ ነው፤ አረም አይፈልግ፣ በሬ አይፈልግ፣ አንዴ ተክሎ መሄድ ነው። ጤፍ ግን በየጊዜው ሰው ይፈልጋል። የሰውየውን ጉልበት ሳትቆጥሩ ከዚህ ሆናችሁ እቅድ አታውጡ።

አሁን ሥራውን ለሦስት ሰው ከፍዬዋለሁ። አራሹ የእኩል ነው፣ ከምርቱ ድርሻውን ያገኛል። ብሩ በእናቴ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ እህቴ ታወጣለች። ሦስተኛዋ አይተው የሚነግሩኝ እትዬ ናቸው፣ የእናቴ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ። ገበያ ሲሄዱ በመሬታችን በኩል ያልፋሉ። ደመወዝ ልክፈልዎ ብላቸው ተቆጡኝ፣ ስለዚህ ተራቸው ሲደርስ የብቅልና የጌሾውን እሸፍናለሁ። ሦስቱ ሰዎች ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱ እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ።

ስትደውሉ «ሁሉ ሰላም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጭዱ የት ተከመረ በሉ። ፍጉ የትኛው ማሳ ላይ ተደፋ በሉ። ታኅሣሥ ላይ ጭዱ ተሽጧል ካሏችሁ፣ ከብቶቹም የሉም ማለት ሊሆን ስለሚችል በማግስቱ ሰው ላኩ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ውክልና የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ፣ ከዚያ አገር ቤት ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ጉዳዩን በስም ዘርዝራችሁ ልዩ ውክልና ስጡ፣ «ማንኛውንም» የሚለውን ቃል አውጡት። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ለሚያርሰው ሰው አትስጡ፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1324 የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ተፈቅዷል። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳ ይመዝገብ፣ ቋሚ ተክል እንዳይተከል ይጻፍበት። የገጠር መሬት ግዙኝ የሚል ዘመድ ከመጣ ደግሞ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። «በስጦታ እናደርገዋለን» ቢላችሁም እንዳትሞክሩት፣ ነገ ብትካሰሱ የከፈላችሁትን ብር የሚያሳይ ወረቀት አይኖራችሁም።

የተዳቀለች ላም ልግዛ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ መኖውን አዘጋጁ። እኛ በዚህ ክረምት እርከኑ ላይ ደሾ ሣር አስተክለናል። ሣሩ ሥር ሲይዝ እህቴ አንዲት ጊደር ትገዛለች፣ ከዚያ በፊት ብር አልልክም። ጥቁሩ መሬት ላይ አራሹ ጉቶ እየነቀለ ነው፣ በቀን ተከፍሎት። ግማሹ ገና ነው። በተነቀለው በኩል ሐምሌ ላይ ጤፍ ዘርተንበታል።