በስሜን ተራሮች በእግር ለሚጓዙ፦ በከፍታ ላይ ጤናን ስለ መጠበቅና ስለ መጀመሪያ ርዳታ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚደረገው የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት ተጓዡ ከሐኪም ርቆ ይሰነብታል፤ ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ከመኪና መንገድ ወጣ ባለ ስፍራ የታመመ ሰው የሚወርደው በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ነው። ስለዚህ በተራራ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ለዚህ ውሳኔ ትልቁ እንቅፋት ደግሞ፣ እኔ እንዳየሁት፣ ይሉኝታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮን ይጓዝ የነበረ አንድ ወዳጃችን ራሱን እያመመው “ጉዟችሁን አላበላሽም” በሚል ሐሳብ ሁለት ቀን ደበቀን። ያወቅነው በጨነቅ ሰፈር እራቱን ትቶ ከተኛ በኋላ፣ ከድንኳኑ ወጥቶ እንደ ሰከረ ሰው ሲንገዳገድ አይተን ነው። መኪና ተገኝቶ በዚያው ሌሊት ወደ ደባርቅ ወረደና ዳነ። ከዚያ ወዲህ ማታም ጠዋትም እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ገለል አድርጌ፣ ራሱን ያመው እንደ ሆነ፣ ምግብ ይበላ እንደ ሆነ፣ እንዴት እንዳደረ ሳልጠይቅ ጉዞ አልጀምርም። በሰው ፊት ሲጠየቅ “ደህና ነኝ” የሚለው ሰው ለብቻው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል።

የጉዞው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት ጭቃውና ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ጋር ተደምረው አደጋ ይሆናሉ። ቀን ከመቁረጥ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ በቦታው ካሉ ሰዎች ማጣራት፣ ደባርቅ ሲደርሱም በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) እና ከአስጎብኚ ጋር መጓዝ ያስፈልጋል።

ከፍታውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ሁለቱም 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የቧሂት ጫፍ 4,430፣ ራስ ደጀን ደግሞ 4,550 ሜትር ያህል ነው። በ4,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከ60 በመቶ በታች ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ማድረግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን በአንድ ቦታ ማረፍ የተለመደ ደንብ ነው። ይህን ደንብ በቀላሉ የሚያስጥሰው መኪናው ነው፤ ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ ማታ ጨነቅ የሚያድር ሰው በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ይወጣልና፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ወይም ሳንቃበር ማደር ይሻላል።

“እኔ የደጋ ሰው ነኝ” የሚል መተማመን ብዙ ሰው ያታልላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ በቅርቡ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ከመጣ ዘመዱ ይልቅ ለከፍታ የተሻለ ዝግጁ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ3,500 ሜትር በላይ እሱም ሊታመም ይችላል። ወጣትነትም ሆነ የስፖርት ብርታት ከዚህ ሕመም አይከላከልም፤ እንዲያውም ብርቱው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ የሚታመምበት ጊዜ አለ።

በከፍታ ላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም፣ ከማዞር ወይም ከምግብ መጥላት ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ባለበት ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይውሰድ፤ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ግን አንድ እርምጃም ወደ ላይ አይውጣ። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥ ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ መከልከል አለባቸው። አሴታዞላሚድ የተባለው መከላከያ ኪኒን ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሮ የሚወሰድ ነው፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ሁለት ምልክቶች ግን ፋታ አይሰጡም። አንደኛው ሚዛን መሳት ነው፦ ሰውየው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር ዐሥር እርምጃ እንዲሄድ ይጠይቁት፤ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ አንጎሉ ላይ እብጠት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዐርፎ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠርና የማያቋርጥ ሳል ነው፤ ይህ ሳንባው ውሃ መቋጠሩን ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ ሌሊትም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ ወዲያውኑ መውረድን ይጠይቃሉ፤ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር፣ ምልክቱ እስኪቀልለት ድረስ። በሽተኛው ብቻውን አይላክም፣ ራሱን እንዲያደክምም አይደረግም።

እዚህ ላይ የስሜን መልክአ ምድር አንድ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እስከ ጨነቅ ድረስ መመለስ ማለት በአብዛኛው መውረድ ማለት ነው፤ የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ በራስ ደጀን መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ አምቢቆ መንደር የወረደ ሰው ግን ወደ ደባርቅ ለመመለስ ያንኑ ከፍታ እንደገና መውጣት አለበት። ስለዚህ ከራስ ደጀን ታሞ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ወደ አምቢቆ፣ ማለትም ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ይውረድና እዚያ ይታይ፤ ምልክቱ ሳይለቀው ሰዎች ተሸክመውት በመተላለፊያው ላይ ለማለፍ መቸኮላቸው ሊገድለው ይችላል። በዚህም ምክንያት የቡድኑ ዋና ምርመራ በጨነቅ፣ ቧሂትን ከመሻገር በፊት ባለው ምሽት መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚያሰጋው ብርድ ነው። በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ላብ ወይም ዝናብ ያራሰው ልብስ ከነፋስ ጋር ሲሆን ደግሞ በቀንም ሰውን ይጥላል። መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር፣ ቁልፍ መቆለፍ የማይችል እጅ፣ መደነቃቀፍ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሰውየው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ ብሶበታል። እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ከሥሩ ፍራሽ ወይም ጋቢ አንጥፎ ከመሬቱ ቅዝቃዜ መለየት፣ በደረቅ ልብስ ጠቅልሎ ራሱን መሸፈን፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ኮዳ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱና ብብቱ ሥር ማድረግ ያስፈልጋል። መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጠው። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ስሕተት ነው፤ አረቄ በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት የውስጡን ሙቀት ያስወጣል።

ስንቁን በተመለከተ በሶ፣ ጭብጦ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ማገዶ የማይጠይቁ፣ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተሠሩ የሚመስሉ ምግቦች ናቸው። የምንጭ ውሃ በኃይል ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃ በከፍታ ላይ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ደቂቃው ይጨመራል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው አንድ ጥቅል ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ተበጥብጦ ይሰጠዋል።

የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታ ተጭኖ ለዐሥር ደቂቃ ሳይገልጡ መያዝ ነው፤ ደሙ ሲቆም ለመጠጥ በሚሆን ውሃ በደንብ ይታጠብ። ቡና መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሻል። እግሩ ወለም ያለው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም አጥንቱን ሲጫኑት ካመመው፣ እንደ ተሰበረ ቆጥሮ መያዝ ይሻላል። ወጌሻን ባከብርም፣ በራጅ ያልታየ ስብራት እንዲታሽ ወይም እንዲሳብ አልመክርም። ጫማውን ፈትቶ፣ በሁለት ወገን በልብስ የተጠቀለለ ዱላ አድርጎ፣ በነጠላ ከቁርጭምጭሚቱ በላይና በታች ማሰር ይበቃል፤ ከዚያም የእግሩን ጥፍር ተጭኖ ሲለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ያህል ካልተመለሰ ማሰሪያው ጠብቋልና ይላላ።

ርዳታ ለመጥራት ሰው ሲላክ ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ቃሉም በወረቀት ይጻፍ። የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የታዩት ምልክቶች፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ፣ ያለበት ቦታ፣ በቦታው የቀሩት ሰዎች ቁጥር ይስፈርበት። ከበሽተኛው ጋር የሚቀረው ሰው ደግሞ ሌላ ወረቀት ይዞ በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ይቁጠር፣ ስሙን ጠርቶ መልሱን ይስማ፣ ያየውንም ከነሰዓቱ ይመዝግብ፤ ያ ወረቀት ከበሽተኛው ጋር እስከ ሐኪሙ እጅ ይደርሳል።