«ቀልቤ አልወደደውም» ስትሉ፦ ሥራ ላይ ውስጥን መስማትና ወድቆ መነሳት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ ጥሩ እየሄደ ነው። ደሞዙ ጥሩ፣ የሥራ መደቡ ጥሩ፣ ጠያቂዎቹም ፊታቸው ፈካ ያለ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ካለህ?» ሲሉኝ ለወጉ ያህል «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ?» አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ሳቅ አለ። ሌላዋ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ከዚያ «በራሱ ምክንያት ነው የለቀቀው» ተባልኩ። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሐሳቤ እዚያች እስክሪብቶ ላይ ቀረ።

ፈረምኩ። በስምንተኛው ወር ለቀቅኩ። እዚያ ወንበር ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የተቀመጥኩ አራተኛው ሰው መሆኔን ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው።

ይሄን የማወራው «ቀልባችሁን እመኑ፣ አይዋሽም» ልላችሁ አይደለም። ይዋሻል እንጂ! አንድ የሥራ ባልደረባዬን ገና ሳየው ቀልቤ አልወደደውም ነበር፤ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ከጎኔ የቆመው እሱ ሆነ። ስለዚህ አሁን ቀልቤ አንድ ነገር ሲለኝ ዝም ብዬ አልቀበለውም፣ ዝምም አላሰኘውም። መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ምን አይተህ ነው?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ጋሪ ክላይን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእሳት አደጋ ቡድን መሪዎች በጭንቅ ሰዓት እንዴት እንደሚወስኑ ሲያጠና ከሰማቸው ታሪኮች አንዱ ይሄ ነው። አንድ መሪ ሰዎቹን ይዞ እየነደደ ያለ ቤት ውስጥ ይገባል። እሳቱ ከኋላ በወጥ ቤቱ በኩል ነው። ውሃ ይረጩበታል፣ እሳቱ ግን ፍንክች አይልም። ወደ ሳሎኑ መለስ ሲሉ ሰውየውን አንድ ነገር አላምር ይለዋል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ብቻ «ውጡ!» ብሎ ያዛል። ገና እንደወጡ ቆመውበት የነበረው ወለል ተደረመሰ። ለካ ዋናው እሳት ከእግራቸው ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

ሰውየው ራሱ ስድስተኛ የስሜት ሕዋስ አለኝ ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ ሲብራራ ግን ሌላ ሆነ። ሳሎኑ ለዚያ መጠን እሳት ከሚገባው በላይ ሞቋል። እሳቱ ደግሞ ለዚያ ሙቀት ከሚገባው በላይ ጸጥ ብሏል። ውሃውም አልሠራም። ከዚያ በፊት ካጠፋቸው እሳቶች ጋር ነገሩ አልገጠመለትም፤ አእምሮው ይሄን ከአፉ ቀድሞ ደርሶበታል። አያችሁ፣ ተአምር የለውም። የታየ ነገር ነው፣ ቃል ብቻ ነው ያጣው።

ይሄው ክላይን እ.ኤ.አ. በ2009 ከዳንኤል ካህነማን ጋር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ካህነማን እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘ፣ ሰው በግምቱ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። አንዱን የቀልብ ጠበቃ፣ ሌላውን የቀልብ ከሳሽ በሏቸው። ሊከራከሩ ተቀምጠው በዋናው ነገር ተስማሙ። ቀልብ የሚታመነው ሥራው ውስጥ የሚደጋገም ሥርዓት ሲኖር፣ ሰውየውም ያንን ሥርዓት ለረጅም ጊዜ ሲለማመድ፣ ሲሳሳት ደግሞ መሳሳቱን ቶሎ የሚያውቅበት መንገድ ሲኖረው ነው አሉ። ነርስ ይሄ አላት። ቼዝ ተጫዋችም አለው። የትኛው አክሲዮን ነገ እንደሚወጣ የሚገምት ሰው ግን የለውም። አንድ ሌላም ነገር ላይ ተስማምተዋል፦ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለው ስሜት ለትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም። እኔ ይቺን ነው ይበልጥ የወደድኳት፣ ምክንያቱም በሕይወቴ በጣም የተሳሳትኩባቸው ቀናት እርግጠኛ የነበርኩባቸው ናቸው።

ወደ እናንተ ሥራ እናምጣው። አሥር ዓመት ሒሳብ ስትዘጉ ኖራችሁ አንድ ሪፖርት ገና ስትገልጡት «ይሄ ቁጥር ልክ አይመስለኝም» ካላችሁ፣ ቁሙና ፈትሹት። ፕሮግራመር ሆናችሁ ኮዱ ሁሉንም ፈተና አልፎ እያለ የሆነች መስመር ላይ ዓይናችሁ ከተመለሰ፣ እዚያች መስመር ላይ ቁሙ። ገና ሁለተኛ ወራችሁ በሆነበት ሥራ ላይ ግን ስሜታችሁን ማስታወሻ ላይ አስፍሩት፣ ፍርዱን አቆዩት። ሰው ስትቀጥሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ግማሽ ሰዓት አውርታችሁ «ይሄ ልጅ ይመቻል» ስትሉ ብዙ ጊዜ «እኔን ይመስላል» እያላችሁ ነው። ለሁሉም አመልካች ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፣ ትንሽ የሥራ ናሙና አሠሩ፣ ውጤቱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ቀልባችሁ ይናገር።

ፍርሃት ነው ወይስ ቀልብ?

ከባዱ ይሄ ነው። ሁለቱም የሚቀመጡት ሆድ ውስጥ ነው። እኔ የምለይበት ዘዴ ሳይንስ አይደለም፣ ተጎድቼ የተማርኩት ነው። ፍርሃት የሚያወራው ስለ እኔ ነው፦ ትዋረዳለህ፣ ይስቁብሃል፣ አትችለውም። ቀልብ የሚያወራው ስለ ነገሩ ነው፦ ሰውየው ስለ ክፍያ በተጠየቀ ቁጥር ርዕስ ይቀይራል። ፍርሃት ወሬኛ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሶ የአምስት ዓመት መከራ ይተርካል። ቀልብ አንዲት ነገር ብሎ ዝም ይላል። በማግስቱ ስትመለሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ አሳድሩት። «ነገ ጠዋት መልሴን አሳውቃለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። አንድ ሌሊት መታገስ አቅቶት «አሁኑኑ ፈርም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ እሱ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

የደከመ ሰው ቀልብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘን መዛል፣ በተለምዶ በርንአውት የሚባለውን፣ በሦስት ምልክት ገልጾታል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሁሉን በክፉ ማየት፣ እና ውጤት እየቀነሰ መሄድ። መሃለኛዋን ልብ በሉ። ሁሉን በክፉ የሚያይ ሰው ቀልቡ ለሁሉም ነገር «እምቢ» ነው የሚለው። እኔ አንዲት መፈተኛ አለችኝ፦ ባለፈው ወር ቀልቤ «ይሄስ ደስ ይላል» ያለው አንድ ነገር አለ? ከሌለ ያን ሳምንት የመልቀቂያ ደብዳቤ አልጽፍም። መጀመሪያ እተኛለሁ። ፈቃድ ካለኝ እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላም «ልቀቅ» ካለኝ፣ ያኔ እሰማዋለሁ።

አሁን ለይታችሁታል እንበል። ቀልብ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ቃል መፈለግ ነው፣ ምክንያቱም ስብሰባ ላይ «ቀልቤ አልወደደውም» ብላችሁ ማንንም አታሳምኑም።

ይሄን ስል ሁሌ የማስታውሰው ሮጀር ቦይስጆሊን ነው። ለጠፈር መንኮራኩሯ ለቻሌንጀር የሮኬት ሞተር በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። የሞተሩን መጋጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ጊዜ ሥራቸውን በደንብ እንደማይሠሩ ስለገባው እ.ኤ.አ. በ1985 ለአለቆቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። መንኮራኩሯ ከመተኮሷ በፊት በነበረው ምሽት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986፣ እሱና ባልደረቦቹ ብርዱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ከሆነ አትተኩሱ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። ያላቸው መረጃ ጥቂት ነበር፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር አልነበራቸውም። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ተመካክረው ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ተኩሱም ጸደቀ። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፣ የነበሩባት 7 ሰዎችም አለቁ።

እዚያ ስብሰባ ላይ የሆነውን ነገር በትንሹ በየቢሮው ታገኙታላችሁ። የሠጋው ሰው «እንደሚበላሽ አረጋግጥ» ይባላል። መሆን የነበረበት ግን የተገላቢጦሹ ነው፣ «ደህና እንደሆነ ምን ያሳየናል?» ነው መባል ያለበት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዟት። ስብሰባ ላይ በትሕትና ጣል አድርጓት፦ «ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደህና መሆኑን የሚያሳየን የትኛው መረጃ ነው?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ከባድ ነው፣ ግን አትሙሉት።

ሌላ ዘዴም አለ፣ እሱንም ያመጣው ክላይን ነው። ፕሮጀክቱ ገና ሳይጀመር ሰዎቹን ሰብስባችሁ «አንድ ዓመት አልፏል፣ ነገሩ ክፉኛ ከሽፏል፣ ምን ሆኖ ነው?» በሏቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ለጥቂት ደቂቃ ይጻፍ፣ ከዚያ በየተራ ያንብብ። ሟርት እንዳይመስላችሁ። «ይከሽፋል» ያለ ሰው አፍራሽ ይባላል፤ «ለምን ከሸፈ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን የታዘዘውን ነው የሠራው። ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ሁሉ ሲወጣ ታያላችሁ።

እና ልክ ሆናችሁ ባይሰሟችሁስ?

ቦይስጆሊ ልክ ነበር፣ ልክ መሆኑ ግን አልጠቀመውም። ለምርመራው ኮሚሽን ያወቀውን ከመሰከረ በኋላ ባልደረቦቹ ሸሹት፣ ጤናው ተቃወሰ፣ ሥራውንም ተወ። በኋላ ግን ዓመታትን ያሳለፈው ለምሕንድስና ተማሪዎች ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ነው። ጽናት ሲባል አብዛኛው ሰው ጥርስን ነክሶ መቆየት ይመስለዋል። እሱ ከዚያ ቦታ ወጥቷል፣ ጉዳዩን ግን አልተወውም።

ሥራ ስታጡ፣ ሐሳባችሁ ሲጣል፣ እድገቱ ለሌላ ሲሰጥ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ነገር ያንኑ ትዕይንት ሺህ ጊዜ ማኘክ ነው። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎችን ለተከታታይ አምስት ቀናት በቀን 20 ደቂቃ ስለ ሥራ ማጣታቸው ያሰቡትንና የተሰማቸውን አጽፏቸው ነበር። የጻፉት ካልጻፉት ቀድመው ሥራ አገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ስድብ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ በአራተኛው ቀን ግን የራሴ ጥፋት የትኛዋ እንደሆነች ወረቀቱ ላይ አየኋት። አሳዘነኝም፣ ገላገለኝም።

ሰውም ያስፈልጋችኋል። ብዙ አይደለም፣ አንድ። «አይዞህ» ብቻ የሚል ሳይሆን፣ «እስቲ የላክከውን ኢሜይል አሳየኝ» የሚል። ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ያለበለዚያ ወሬው ቀድሟችሁ ይደርሳል።

መቆየት ወይም መልቀቅን በተመለከተ፣ ውሳኔውን የተናደዳችሁ ቀን አታድርጉት። በተረጋጋ ቀን «እስከዚህ ቀን ድረስ እነዚህ ሁለት ነገሮች ካልተቀየሩ ሥራ መፈለግ እጀምራለሁ» ብላችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ቀኑ ሲደርስ ቀልባችሁንም ጠይቁት፣ የመዘገባችሁትንም እዩ። ሁለቱ ከተስማሙ ሲቪያችሁን አውጡ።

እኔ አሁንም በየቃለ መጠይቁ ያቺን የድሮ ጥያቄዬን እጠይቃለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬባታለሁ፦ «ሰውየውን ላነጋግረው እችላለሁ?» ባለፈው ጊዜ ጠያቂዋ ምንም ሳታንገራግር ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ሰጠችኝ። ደወልኩለት። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራን፣ ግማሹ ስሞታ ነበር። ሥራውን ያዝኩት።