የዛገ የተሳቢ ጎማ ዳዶ አፈታት

ጅማ ላይ ክረምቱን ውጭ የከረመ ተሳቢ ካላችሁ፣ ጀልባ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ የምታወርዱበትም ይሁን ቡና የምትጭኑበት፣ ዳዶው በቀላሉ እንደማይፈታ እወቁት፣ ዝናባችን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ቸኩላችሁ በክሪክ እንዳታነሱት! ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት እንደነካ ነው፣ ሌላኛው ጎማ ስር ድንጋይ ወሽቁ። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉና ማታ ደብልዩ ዲ 40 (ዝገት የሚያላላ የሚረጭ ዘይት) አጠጡት፣ ጠዋት ድገሙት። ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚገባው የቁልፍ ራስ) ስትመርጡ ባለ 6 ጎን ይሁን፣ ባለ 12ቱ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይበላል። በመዶሻ መታ መታ አድርጉና መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፉት፣ ቀጭ ሲል ዝገቱ ለቀቀ ማለት ነው፣ ከዛ እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክታችሁ ሳትነጥቁ ቀስ እያላችሁ ወደ መፍቻው። እምቢ ካለ ብየዳ ቤት ይሰንጥቁት፣ ቡሎን ይቀየራል። ግን ጎማው ቸርኬው ላይ እያለ እሳት እንዳያስጠጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቸርኬው ከወጣ ዝገቱን ፈትጉ፣ የቡሎን ቀዳዳው ዙሪያ ከተሰነጠቀ በቃ ጣሉት፣ ቀለም አያድነውም። ደህና ከሆነ ጸረ ዝገት ቀቡት፣ ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ቀለም አታወፍሩ፣ በኋላ ያላላዋል። ኩሽኔታውንም (ጎማው የሚሽከረከርበትን) እዛው እዩት፣ ግራሶው ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ አዲስ ግራሶ ሙሉት።

ስትመልሱ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዛ ፊት ለፊቱ ያለውን እያላችሁ አጥብቁ፣ ከ50 እስከ 80 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ መላላቱን በቁልፍ እዩት፣ ከላላ አጥብቁት።